ሰላምታ የሚያጠፋው ቦት

አድሚንነት የጀመርኩት ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ፣ አንድ የተሰነጠቀ ስክሪን በግማሽ ፈትቼ ሳለሁ ነው። የግሩፑ ባለቤት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በአካል አይቼው አላውቅም፤ አለቃ እለዋለሁ። ደወለና «ዝናሽ፣ የራያን ሰው ጠባይ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዛሬ ጀምሮ አድሚን ነሽ» አለኝ። ምን እንደምሠራ ብጠይቀው «ማጥፋት፣ ማፈን፣ ማባረር» አለ። ለሰው መልስ መስጠት የሚባለው ነገር ትዝም አላለው።

ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ነበር። አባሎቹ ክሪፕቶ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚገዙ፣ የሚያስቀምጡ፣ አንዳንዶቹም ስልካቸውን በጣት ሲጠቀጥቁ ውለው «አንድ ቀን ገንዘብ ይሆናል» ብለው የሚጠብቁ ናቸው። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዋጃ የገቡ አሉ። ሳዑዲ ሆነው የሚከታተሉም ብዙ ናቸው። ማዕረጉ አጭር ነው። ከላይ ባለቤቱ፣ ከሱ ሥር እኛ አድሚኖች፣ ከኛ ሥር ቦቱ፣ ከሁሉም በታች አባሉ። ቦት ማለት ሰው ሳይነካው የታዘዘውን የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አይደክመውም፣ ደሞዝም አይጠይቅም። የኔንም ደሞዝ ቢሆን የሚያነሳው አልነበረም።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ነው። የማጭበርበሪያ ሊንክ ካለ አጠፋለሁ። የተሰዳደቡትን አፍናለሁ፤ ማፈን ማለት ለተወሰነ ሰዓት እንዳይጽፉ መዝጋት ነው። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። «አድሚን፣ ይሄ ሳንቲም መቼ ነው ገበያ የሚወጣው?» አላውቅም። «አድሚን፣ ለምን ወረደ?» አላውቅም። ዋጋው ሲወጣ የእግዜር ሥራ ነበር፣ ሲወርድ ግን የኔ። አንድ የዋጃ ሰው ስልኩ ላይ ያለው ሳንቲም ዋጋ ያጣ ለት ሱቄ ድረስ መጥቶ «መልሺልኝ» ብሎኝ ያውቃል። ደሜ ፈልቶ ስልኩን ተቀበልኩና የተሰበረ የቻርጅ ቀዳዳውን በነፃ ጠግኜ ሰጠሁት። ሌላ ምን ላድርገው?

ከሁሉም ያስቸገረን ግን ሰላምታ ነው። ያገራችን ሰው ሰላም ሳይል ነገር አይጀምርም። አንዱ «እንዴት አደራችሁ» ይላል። ሌላው «አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ፣ ከብቱ፣ አዝመራው?» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይመልሳል። አራተኛው ዝናብ እነሱ ጋ ጥሎ እንደሆነ ይጠይቃል። አለቃ ስለ አጭበርባሪዎች የለጠፈው ማስጠንቀቂያ ቡና እንኳ ሳይፈላ በሰላምታ ይቀበራል።

አለቃ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ደወለ። «ቦቱን እዘዢው። በሰላምታ የሚጀምር መልእክት ሁሉ ወዲያው ይጥፋ።»

«አለቃ፣ ሰላምታ የእግዜር ነው። ሰው ይቀየመናል» አልኩት።

«የሥራ ግሩፕ ነው ዝናሽ፣ ለቅሶ ቤት አይደለም።»

ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ቦቱ ሥራውን ጀመረ። ግሩፑ በአንድ ቀን ጸጥ አለ። አለቃ ደስ አለው። እኔን ጸጥታው ደስ አላለኝም፤ ሰው የራቃት ገበያ ነው የመሰለኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ይማም ሱቄ መጡ። ጋሽ ይማም ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ገና በሩ ላይ እንዳሉ «ዝናሽ ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው ሰላምታዬን የምታጠፊብኝ?» አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም ጋሽ ይማም፣ ቦቱ ነው።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?»

«ሰው አይደለም እኮ።»

«እሱማ ገብቶኛል» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጋሽ ይማምን ወደዚህ ነገር ያስገባቸው ልጃቸው ነው። ልጁ ሪያድ ይሠራል። ያጠራቀመውን ሁሉ በክሪፕቶ እያደረገ በአባቱ ስልክ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሐሳቡ የውኃ መሳቢያ ሞተር መግዛት ነው። ጋሽ ይማም በየወቅቱ ሞተር እየተከራዩ ያለሙ ስለነበር፣ ሽንኩርቱ ሲደርስ ግማሹ ለሞተሩ ባለቤት ይሄዳል። ልጁ ሪያድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ይሄን ለማስቀረት ነው።

ሂሳቡን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሲከፈት ስልኩ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣል። ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡ የሚመለሰው በነሱ ነው። ሌላ ሰው ካገኛቸው ደግሞ ገንዘቡ የሱ ሆነ ማለት ነው። ጋሽ ይማም ወረቀት አይወዱም፤ አይጥ ይበላዋል አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ትምህርት ቀመስ ናቸው፤ ከስልኩ ላይ እያነበቡ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ለባላቸው አስጠኑ፣ የቀሩትን ስድስት ራሳቸው ያዙ። ትርጉሙን ሳያውቁ እንደ ዚክር እየደጋገሙ አጠኑት። እኔ እስኪጨርሱ ውጪ ቆሜ ነበር፣ በሩንም ዘግቼዋለሁ። አድሚን የአባሉን ቃል መስማት የለበትም።

ነገሩ የመጣው ዳታ ከጠዋት ጀምሮ በተቋረጠበት ቀን ነው። ስልክ ብቻ ነበር የሚሠራው። ጋሽ ይማም ደወሉ፣ ድምፃቸው ሳቅ ሳቅ ይላል።

«ዛሬስ ሰው ቀጠርሽ! አላህ ይባርክሽ!»

«የምን ሰው?»

«ረዳትሽ ነዋ። ትናንት ባንቺ ስምና ባንቺ ፎቶ ጻፈልኝ። ዛሬ ደግሞ ደወለ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ! ከብቶቹን ጠየቀኝ፣ ወገቤን ጠየቀኝ፣ ሽንኩርቱ በሽታ ነካው ወይ አለኝ። ሂሳቡ ሊዘጋ ነው አለና ቃሎቹን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።»

ረዳት የለኝም። በስሜና በፎቶዬ ሐሰተኛ ገጽ ከፍቶ አንድ በአንድ በግል የሚያናግር ሌባ ነው። ሁላችንም አድሚኖች እንዲህ ያለውን ስናባርር ነው የምንውለው።

«ሁሉንም ነገሩት ጋሽ ይማም?»

«የኔን ስድስት። የቀረውን ዘሃራ ናት የምታውቀው ብዬ ስልኳን ሰጠሁት። ጎብዬ ገበያ ወርዳለች። ምነው?»

የሌባ ሥራ መሆኑን ነገርኳቸው። «ያ ልጄ የሪያድ ፀሐይ ሲበላው» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ። ተይዟል። ከማን ጋር እንደሚያወሩ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ገንዘቡን ወደ ሌላ ሂሳብ እንዳላሻግረው ዳታ የለም። ሱቄን ዘግቼ ጎብዬ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘለልኩ። ሮቢት ላይ ጋሽ ይማም መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ፣ ገቡ። መንገዱን ሙሉ እኔ እደውላለሁ፣ እሳቸው «አነሳች?» ይሉኛል። መስመሩ እንደተያዘ ነው። ሾፌሩ ተሳፋሪ ለመጫን በቆመ ቁጥር ወርጄ መኪናውን ልገፋው ምንም አልቀረኝም።

ጎብዬ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። እትዬ ዘሃራ ሽንኩርት ተራ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን በሻሻቸው ሥር ጆሯቸው ላይ ወትፈው፣ በሁለት እጃቸው ሽንኩርት ይመዝናሉ።

«እትዬ ዘሃራ! ይዝጉት!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸውን አንስተው ቆይ አሉኝ። ለደንበኛቸው መልስ ሰጡ። ከዚያ ስልኩን አወጡና ዘጉት።

«ነገሩት እንዴ?»

«ምኑን?»

«ቃሎቹን!»

«ወግጂ! ለማን ብዬ?» አሉና ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፉት። «መጀመሪያ ደኅና ልጅ መስሎኝ ነበር። እንዴት ዋሉ አለኝ፣ ደስ አለኝ። የማን ልጅ ነህ አልኩት፣ ያባቱን ስም ነገረኝ። አያትህስ ስለው ተንተባተበ። ኸየት ነህ ስለው ኸዋጃ አለኝ። እናቴ እኮ የዋጃ ናት! ኸማን ጎረቤት ናችሁ፣ እናትህ አለች ወይ ስለው፣ ‹እማማ ቶሎ ይበሉ፣ ቃሎቹን ይንገሩኝ› አለኝ። ሰላምታ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ምኑ ይታመናል?»

«ታዲያ ለምን ወዲያው አልዘጉትም? እኔ እኮ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

«ካርዱ የሱ አይደል? ይቃጠል ብዬ ነው!»

የሽንኩርት ጆንያ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። ሻጮቹ የሽንኩርቱ ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ጋሽ ይማም አንገታቸውን ደፍተው «እኔ ግን ስድስቱን ሰጥቼዋለሁ ዘሃራ» አሉ።

«ያንተ ስድስት ያለኔ ስድስት ምን ያደርግለታል? አብሽር፣ ቁጭ በል» አሏቸው። እሳቸውም ተቀመጡ፤ ገዢ ሲመጣ ሽንኩርት እየመረጡ ያቀብሉ ጀመር።

ዳታው ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሦስታችንም ቆቦ ተመልሰን ሱቄ ገባን። አዲስ ሂሳብ ከፈትኩና ገንዘቡን ሁሉ ወደዚያ አሻገርነው። ሳንቲም አልጎደለም። አዲሶቹ ቃላት ሲመጡ እንደ ድሮው ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። ከውስጥ እንደገና ሲያጠኑ፣ እትዬ ዘሃራም «አይደለም፣ ድገመው!» እያሉ ሲቆጡ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ቃሉን እንዳልለየው ራቅ ብዬ ቆምኩ። እንደዚያ ቀን ያለ እፎይታ በሥራ ዘመኔ አላገኘሁም።

ከዚያ አለቃ ጋ ደወልኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ሐሰተኛውን ገጽ እንዳባረርኩም ነገርኩት። «በርቺ» አለኝ።

«አልጨረስኩም» አልኩት። «ጋሽ ይማም ለምን እንዳመኑት ታውቃለህ? ሰላምታ ስለሰጣቸው ነው። እኛ ቤት ሰላምታ ይጠፋል፣ ሌባው ቤት ይመለሳል። ቦቱ ይቁም። ካልቆመ እኔ እቆማለሁ።»

«ግሩፑ ይሞላል ዝናሽ። ማስጠንቀቂያችንን ማን ያየዋል?»

«ከላይ እንሰቅለዋለን። ቦቱ እያለስ ማን አየው?»

«ቦቱን አጥፊው» አለ፣ በተኮሳተረ ድምፅ።

በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን መልእክት ራሴ ጻፍኩ፤ እንዴት አደራችሁ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ግሩፑ በሰላምታ ተጥለቀለቀ። በሰላምታው መሃል የተደበቀ የማጭበርበሪያ ሊንክ ፈልጌ ማግኘት አቃተኝ፣ አንዱ ስለ ዋጋ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ተናደደ፣ አለቃ ሁለት ጊዜ ደውሎ ወቀሰኝ። ግድ አልሰጠኝም። ሐሰተኛው ገጽ ሌላ ስም ይዞ «የአድሚን ረዳት ነኝ» እያለ ሲመለስ ከኔ ቀድመው ያጋለጡት አባሎቹ ናቸው። «አድሚን ትናንት ግሩፑ ላይ ሰላም ብላኛለች፣ አንተ ማን ነህ?» ብለው ጠየቁት።

ጋሽ ይማም ሞተሩን ገዝተዋል። እኔም ዘንድሮ አድሚንነቱን ለሌሎች አስረክቤ ስክሪን ወደ መቀየሬ ተመልሻለሁ፤ የማንም ሳንቲም ቢወርድ አይመለከተኝም፣ ተመስገን ነው። ለምትተኩኝ የምለው ይሄ ነው። አባሎቻችሁ ሰላምታ ከፈለጉ ስጧቸው። እናንተ ካልሰጣችኋቸው ሌባ ይሰጣቸዋል።