የእናቴ እግር ያበጠበት ክረምት

የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ከተነፋ በኋላ አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ «ፍስስ» የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ የማንም ክንድ ይሁን፣ ትንፋሼን ይዤ ቁጥሩን እጠብቃለሁ። ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፎም ያ ድምፅ ካለሁበት አንሥቶ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ እናቴ ጎን፣ ያቺ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ቤት ነበር። አባቴ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ እናቴም እዚያው ቅርብ በሆነች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እናቴ ቤት ውስጥ የወለደችው ወንድ ልጅ ሳያለቅስ ቀርቶ፣ ጎረቤቶች በነጠላ ጠቅልለው ሲያወጡት በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ ማንም አንሥቶ አያውቅም።

ስለዚህ በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር፣ እናቴ እንደገና ማርገዟ ሲታወቅ አባቴ «ይኼኛውን ሐኪም ያየዋል፤ አለቀ!» አለና ጤና ጣቢያ ወስዶ አስመዘገባት። ከዚያ ወዲያ እሱ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ፣ እናቴም ሆሳዕና አካባቢ ስታድግ ትምህርት ቤት ስላልገባች፣ ካርዷን ይዤ ቀጠሮዋን እያነበብኩ የምከተላት እኔ ሆንኩ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ነፃ ነበርኩ።

የምታያት አዋላጅ ነርስ ሲስተር ሂሩት ትባል ነበር። ፈጣን፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ እጅዋ ግን ለስላሳ ሴት ነበረች። የእናቴን ክብደት መዝና፣ ሆዷን በሜትር ለክታ፣ የፅንሱን የልብ ምት አዳምጣ፣ መጨረሻ ላይ ግፊቷን ትለካና ቁጥሩን ካርዱ ላይ ስትጽፍ እኔ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። እስከ ግንቦት ድረስ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለች ነበር የምትሸኘን። በሰኔ ግን ቁጥሩን አይታ ደግማ ለካች። ከዚያ ጠራችኝና የእናቴን ቅልጥም እያሳየች «ነይ እስቲ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ጫን አድርጊ» አለችኝ። ተጫንኩት። ጣቴን ባነሣም ጉድጓዱ አልሞላም።

«ውኃ ይዟል» አለች። «ጨው ትቀንስ፤ ከእንግዲህ በየሳምንቱ ትመጣለች። ኃይለኛ ራስ ምታት ከጀመራት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት ግን ቀጠሮ አትጠብቁም፤ ሮጣችሁ ነው የምትመጡት። ገባሽ?»

ገብቶኛል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባኝ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ እናቴ ከእንቅልፏ ሳትነሣ ብርድ ልብሱን ገልጬ ቅልጥሟን እጫናለሁ፣ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ከግማሽ መንገድ እመለሳለሁ፣ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እየተከልኩላት በየደቂቃው ፊቷን አያለሁ። «አንቺ ልጅ፣ እግሬን ተይኝ! ሊጥ መሰልኩሽ እንዴ?» እያለች ትቆጣኝ ነበር። እግሯ ግን የስፌት መኪናውን ስትረግጥ ከጫማዋ ላይ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ደረሰ። ትምህርት ሊከፈት ነውና ሱቋ በር ላይ ወላጆች በዝናብ ጃንጥላ ይዘው ይሰለፉ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቴ መኪናውን አቁማ ዓይኗን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና ክሩን ወደ መርፌው ሰደደች፤ ሳተች። ደገመችው፤ ሳተች። ከዚያ ግንባሯን ይዛ «ሁለት ሆነብኝ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሰው። እኔ ብድግ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ይኼን ልጨርስና ነገ ራሴ እሄዳለሁ። እሺ በይኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ሁለት ቁልፍ ተከልኩ። ሦስተኛውን ጀምሬ ሽንት ቤት ልሂድ አልኩና፣ ከሱቁ እንደወጣሁ በጭቃው ውስጥ አንድ ጫማዬን ጥዬ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። አባቴ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበርና ለእግሩ «አባዬ፣ እማዬ ብዥ አለባት!» ብዬ ጮህኩ። ወጥቶ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። የሚኒባሱ ባለቤት ቁልፉን ሰጠው፤ እናቴን ደግፎ ሲያስገባት፣ መቀሱን ሳትጥል ወደ እኔ ዞራ «እሺ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝና መንገዱን ሙሉ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሲስተር ሂሩት ግፊቷን እንዳየች መርፌ ወግታ፣ ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀምጣ ሆስፒታል ድረስ አብራን ሄደች። ልጅ አይገባም ተብዬ በር ላይ ቀረሁ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ሰምተው ወደ ቤት ሊወስዱኝ ቢመጡም እንቢ ብዬ፣ በአንድ ጫማ ከበሩ እስከ ፌርማታው፣ ከፌርማታው እስከ በሩ ስመላለስ ዋልኩ። እናቴን አሳልፌ የሰጠኋት ይመስለኝ ነበር፤ ብትሞት ደግሞ የመጨረሻ ቃሏ ያ ሊሆን ነው።

አባቴ የወጣው ወደ ማታ ገደማ ነበር። «በኦፕራሲዮን ወጣ» አለኝ። «ወንድ ነው። አለቀሰ።» ከዚያ «እናትሽም ነቅታለች» ለማለት ፈልጎ እሱም አለቀሰ።

ወንድሜ ያለ ጊዜው የመጣ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ነበር። ሙቀት እንዲያገኝ ገላ ለገላ ደረት ላይ መታሰር ነበረበት፤ የእናቴ ግፊት ደግሞ ለቀናት አልወርድ አለ። ስለዚህ አባቴ፣ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ግሪስ ያለበት ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሴት መካከል ሸሚዙን አውልቆ፣ ልጁን ደረቱ ላይ አስሮ፣ በኀፍረት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይቀመጥ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ቤት ገቡ። የቀሩትን ዩኒፎርሞች የጎን ሱቅ ሰፊዎች ተካፍለው ጨርሰውላት ነበር። እናቴ አላመሰገነችኝም፤ አልተቆጣችኝምም። አንድ ቀን ግን ልጁን እያጠባች ሳለ ሳልጠይቃት እግሯን ዘረጋችልኝ። ተጫንኩት። ወዲያው ሞላ።

ባለፈው ዓመት እኔም አረገዝኩ። ዘመኑ ተቀይሮ ቀጠሮ ሲደርስ በስልክ ያስታውሱን ነበር፤ ባለቤቴም አብሮኝ ገብቶ፣ እኔ የምረሳውን ጥያቄ ሁሉ ከስልኩ ላይ እያነበበ ይጠይቅ ነበር። ሆኖም በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ራሴን ሲያመኝ፣ የጀመርኩትን ሪፖርት ልጨርስና ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ለማንም ሳልነግር ቆየሁ። ምልክቱን ከፊደል እኩል የተማርኩት እኔ! ልጅ ሳለሁ እናቴ ሕመሟን የደበቀችው ሥራዋን ከእኛ አስበልጣ ይመስለኝ ነበር። ሆስፒታል «ተኚ» ከተባለች የማትነሣ ስለሚመስላት፣ ጨርቁን የሙጥኝ ብላ እንደነበር የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ተለክቼ ደህና መሆኔ ከተነገረኝ በኋላ ደውዬ ፈርቼ መደበቄን ነገርኳት። ቆጣ ትላለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም።

«እኔም ያን ቀን ፈርቼ ነበር» አለችኝ።

ስለዚያ ቀን ስታነሣ የመጀመሪያዋ ነበር። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ እያደርን፣ እሷ ፍርሃቷን ከእኔ ደብቃ፣ እኔም የእኔን ከእሷ ደብቄ ክረምቱን አሳለፍነው። ዛሬ ቤታችን ለየብቻ ነው፤ በመካከላችን ሁለት ታክሲ አለ። የፈራን ቀን ግን እንደዋወላለን።