ቅቤ የጠጣው ሸክላ

ልጅ ሳለሁ አምቦ ቤታችን ውስጥ ሁለት የሚጠላሉ ሴቶች ነበሩ፤ ተረት የሰማሁትም በእነሱ ጥላቻ መሀል ተቀምጬ ነው። አንደኛዋ መምህርት እናቴ ናት። ሌላዋ ከካቺሲ መጥታ እኛ ጋ የምትኖረው የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኛ ልጆች በኦሮምኛው አዳዳ እንላት ነበር።

ክረምት ሲሆን አዳዳ ሳሎኑ ጥግ አጎዛዋን ታነጥፍና፣ ቅቤ የጠገበ ጸጉሯን በሻሽ ጠፍራ፣ የከሰል ምድጃዋን ፊቷ አስቀምጣ ትጀምራለች። መብራት ከጠፋማ ደስታዬ ነበር፤ ያኔ ከፍሙ በቀር የሚታይ ስለሌለ ጅቡ በራችን ላይ የቆመ ይመስለኛል። የሌላ ሰው ተረት ውስጥ አያ ጅቦ ነው ያለው፤ የአዳዳ ግን እመት ጅቢት ነበረች። መነጽር ታደርጋለች፣ ደብተር ታርማለች፣ ለባሏ እህት እራት ማቅረብ ሞቷ ነው። ቤታችን ውስጥ መነጽር የምታደርገው እናቴ ብቻ ነበረች። ከግድግዳው ወዲያ ፈተና እያረመች እስክሪብቶዋን ስትወረውር ይሰማናል፤ አዳዳም ያን ስትሰማ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።

አንድ ዓመት የተሰነጣጠቀው ሊሾ ይቀየር ተባለ። አባቴ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ፈለገ። እናቴ ግን ምንም ያልተቀባ ቀይ የሸክላ ንጣፍ መረጠች፤ ሱቁ ውስጥ አንድ በአንድ በጣቷ እያንኳኳች፣ ውሃ ጠብ እያደረገች እንዴት እንደሚመጥጠው እያየች ባለሱቁን አሰለቸችው። ቤት ስንገባ አባቴ «ያኛው ምን ጎደለው?» አላት።

«ያንሸራትታል። ቤት ውስጥ አሮጊት አለች» አለች፣ ፊቷን አጥቁራ።

አዳዳ «አሮጊት» የምትለዋን ብቻ ሰማች።

ነጣፊው ሸክላውን ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ ደማቁን ከፈዛዛው እያሰባጠረ ደረደረው። ሲጨርስ «ደርቆ ዘይት እስኪቀባ ምንም እንዳይነካው፤ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል» ብሎ አስጠነቀቀን።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ እሳቱን ማድቤት ይሙቁ» አለች እናቴ።

«አኒ? እኔ ማድቤት? በወንድሜ ቤት!»

ምድጃው ሲወጣ ተረቱም አብሮ ወጣ። አዳዳ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች፣ እናቴ ከፈተና እርማቷ ቀና አልል አለች፣ እኔም ሁለቱንም ጠላኋቸው።

ንጣፉ ዘይት ሊቀባ ቀን ሲቀረው፣ ወደ ማታ ላይ አዳዳ ምድጃዋን ይዛ ወደ ጥንት ጥጓ ተመለሰች። አጎዛ አላነጠፈችም። ሻሿን ፈታ፣ አናቷ ላይ ቅቤ ቆልላ፣ ባዶው ሸክላ ላይ ተቀመጠች። «ኮቱ፣ ልጄ፣ ነይ» አለችኝ። ፍሙ ሲሞቃት ቅቤው እየቀለጠ በጀርባዋ ወረደ፤ ሸክላው እንደተጠማ ከብት ጠጣው። ያን ቀን የነገረችኝ፣ ዋሻዋን አሳምራ አሳምራ ማንም እንዳይረግጥባት ከልክላ ብቻዋን ስለቀረች እመት ጅቢት ነው። እናቴ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ደስ አለዎት?»

«አዎ።»

በማግስቱ አዳዳ ጓዟን ጠቅልላ ካቺሲ ገባች። ተመልሳ አልመጣችም፤ ከዓመታት በኋላ እዚያው አረፈች። እናቴ እድፉን በሳሙና፣ በአመድ ፈገፈገችው፤ ዘይት ሲቀባም ጭራሽ ጠቆረ። ነጣፊው ያቺን ጥግ ነቅሎ በአዲስ ልቀይር ቢላት «ተወው!» ብላ ጮኸችበት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ የአዳዳ ስም ሲነሳ ዛሬም ፊቷ ይጠቁራል።

በቀደም መብራት ጠፍቶ፣ የወንድሜን ትንሽ ልጅ እዚያው ጥግ አስቀምጬ የእመት ጅቢትን ዋሻ ተረትኩለት። እናቴ እንዳይከፋት ብዬ መነጽሩን ዘለልኩት። ከጨለማው ውስጥ፣ ከወዲያኛው ክፍል፣ ድምጿ መጣ።

«መነጽሯስ?» አለች በቁጣ። «የምትነግሪው ከሆነ እሷ እንዳለችው ንገሪው።»

መነጽሯን መለስኩላት።