የአንድ ሰዓት መንገድ

ወንድሜ ባሕር ዳር ያስተምራል። እኔ እናታችን ጋር ጉለሌ ነበርኩ። መንገዱ ዘንድሮ በመኪና የሚደፈር ስላልሆነ በአውሮፕላን ነው የሚመላለሰው። በአየር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው፣ አንድ ሰዓት። «ከባሕር ዳር ቦሌ ቅርብ ነው፤ ከቦሌ ጉለሌ ነው የሚርቀው» እያለ ያሾፍ ነበር። ታክሲው ጳውሎስ ጋ ሲቆላለፍ ላየ፣ እውነቱን ነው።

እናቴ ያረፈችው ጎህ ሲቀድ፣ እቤት አልጋዋ ላይ ነው። አጎቴ ወዲያው ደረሱ፣ የእድር ሰዎች ተጠሩ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ቁስቋም ተባለ። ለወንድሜ ልነግረው ስልኬን ሳነሳ አጎቴ እጄን ያዙኝ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ነው፣ አንድ ነገር ቢሆንስ? ትንሽ አሟታል፣ በሦስት ሰዓቱ አውሮፕላን ና በይው። በቃ።»

ደወልኩ። አጎቴ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ።

«እማዬን ትንሽ አሟታል። ና።»

«ምኗን?»

«እ... ማለቴ፣ ደክሟታል። የሦስቱን ያዝ።»

«ዛሬ ልጆቹን እፈትናለሁ እኮ። አንድ ሰዓት አይደል መንገዱ? የስምንት ተኩሉን ብይዝ ለማታ አብሬያችሁ ነኝ።» ሳቀ። «አንቺ ደግሞ መቼም ማካበድ ትወጃለሽ።»

አዎ፣ አካብዳለሁ። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ደውዬ አስደንግጬው አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን አጎቴን ቀና ብዬ አየሁና «እንደሚመችህ» አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ።

ቀብሩን ለነገ እናሳድረው ብዬ ለመንኩ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ካህናቱም ተነግሯቸዋል፣ አይሆንም አሉኝ። ጭራሽ አጎቴ «በሦስቱ ና በይው አላልኩሽም?» ብለው እኔኑ ተቆጡ። ዛሬም ሳስታውሰው እናደዳለሁ። ግን ስልኩ እኔ እጅ ላይ ነበር፣ ውጭ ወጥቼ መልሼ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም።

አፈር ስናለብሳት እሱ አየር ላይ ነበር። ሰዓቴን አይቻለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ታክሲ ደጃችን ቆመ። ወንድሜ ወርዶ ድንኳኑን አየ። ለድካሟ ይሆናታል ብሎ ከፈተናው በኋላ ገበያ ዞሮ የገዛላትን ማር ይዟል። አልጮኸም። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ስትደውዪልኝ ሞታ ነበር?»

«አዎ።»

«ተቀብራለች?»

«አዎ።»

ማሩን እጄ ላይ አስቀምጦ ብቻውን የቁስቋምን ዳገት ተያያዘው። አጎቴ «ተከተሉት» አሉ። እኔ መከተል አፈርኩ።

አልተጣላንም። በየበዓሉ ይመጣል፣ ያጫውተኛል። ግን በደወልኩለት ቁጥር፣ ገና ሰላም ሳልለው፣ «ማን ሞቶ ነው? የጠዋቱን ልያዝ?» ይለኛል። ማንም አልሞተም ብዬ እምልለታለሁ። አያምነኝም።