ልጅ አልነበራቸውም የተባሉት መሪጌታ

ባለፈው ቅዳሜ ሞጣ ላይ፣ ከደብሩ በር ጧፍ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት ስብሰለሰል፣ ፀሐይ ያሞቀው የሰም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ንዴቱም ሞጣም ጠፍተውብኝ፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ ቢቸና ገባሁ።

የንዴቴ ምክንያት ይህ ነው። ደብሩ ታሪኩን ሊያሳትም ነው፤ ሞጣ የምታስተምረውና ረቂቁን ለደብሩ የምትተይበው የልጅ ልጄ ሰላም በስልክ ስታነብልኝ፣ የአያቴ አያት መሪጌታ አየለ እዚያ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው «ልጅ ሳይወልዱ አረፉ» ይላል። ታዲያ እኔ ከሰማይ ወረድሁ? በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ከቢቸና ተነሣሁ። ቄሰ ገበዙ ሰው አክባሪ ናቸው፤ የመሪጌታ ልጅ አገር የምትባል፣ የአያቴ እናት መሆኗን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትጽፈው በክርስትና ስም ነው። የሷን ያውቃሉ?»

«አገር ናት አልኩዎ እኮ!»

«እንደሱ ከሆነ አልተገኘችም። ረቂቁም ሰኞ ለኅትመት ይሄዳል።»

«ወንድ ብትሆን ኖሮ ያለ ስምም ትገኝ ነበር!» ብያቸው ወጣሁ፤ ሰላም በኀፍረት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

ቢቸና ያደግሁት በአያቴ በእማሆይ ውዴ ቤት ነው። እማሆይ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ቢደፉም ምላሳቸው አልመነኮሰም ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ያከብራቸዋል፣ ይሸሻቸዋልም። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ አደይ አበባው ጉልበቴን በጤዛ እያራሰ፣ ጧፍ በጨርቅ ጠቅልለው ከጉያዬ ይሸጉጡልኝና ለቄሱ የምነግራቸውን ሁለት ስሞች በአፌ ያስገቡልኛል፤ እንዳልረሳም መንገዱን ሙሉ እየደጋገምሁ እንድሄድ ያዙኛል። እኔም በአንድ እግሬ «ወለተ ሐና»፣ በሌላው «ኃይለ ኢየሱስ» እያልሁ፣ ቦዩን ስዘል ትንፋሼን ይዤ፣ ውሻ ሲያባርረኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እሄድ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጨርቅ የሚሰፋው ጎረቤታችን «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ «ወለተ ሐና!» ብዬ እመልስለታለሁ፤ እሱም መርፌውን አቁሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷስ ደኅና ናት?» ይለኛል። ስሙ ይጠፋብኛል ብዬ ስለምፈራ መሳቅ እንኳ አልችልም።

ወለተ ሐናን በሕይወት ያለች ሴት አድርጌያት ነበር። ከቤተ መቅደሱ መጋረጃ ወዲያ የምትኖር፣ ጨለማ የምትፈራ ሴትዮ ትመስለኛለች፤ ኃይለ ኢየሱስ ደግሞ ዘበኛዋ። አንድ ዓመት ግን ጧፉ ለእኛ ቤት ሲያንስ ለእሷ መሄዱ ፍርደ ገምድልነት መስሎ ታየኝና፣ «ይቺ ሴትዮ ኩራዝ የላትም?» ብዬ እማሆይን ጠየቅኋቸው። ምሰሶውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ።

«እናቴ ናት እኮ፣ አንቺ ጉድ! ያኛው አባቷ ናቸው።»

ይህን ሁሉ ዘመን እነዚያ ስሞች አፌ ውስጥ ተኝተው ኖረዋል! ከድንጋዩ ስነሣ ጉልበቴ አልተቃወመኝም፤ ሰላም «እማማ፣ ቀስ!» እያለች ስትከተለኝ ቄሰ ገበዙ በሩን ሊቆልፉ ሲሉ ደረስሁባቸው።

«አባቴ፣ ወለተ ሐና ብለው ይፈልጉ! አባቷም ኃይለ ኢየሱስ ናቸው!»

ቄሰ ገበዙ ቁልፉን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡና በቆዳ የተለበጠ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ታቅፈው ወጡ። መጨረሻው ገጽ ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፈውን ግእዝ አንብበው በአማርኛ ተረጎሙልኝ፤ ወለተ ሐና ይህን መጽሐፍ ስለ አባቷ፣ ስለ ቅኔ መምህሩ ስለ ኃይለ ኢየሱስ ነፍስ ለደብሩ ሰጠች ይላል።

«ስንት ጊዜ አይተነዋል! ሌላ መምህር፣ ሌላ ሴት እያልን ነው ያለፍነው። የመሪጌታን የክርስትና ስም የሚያውቅ ጠፍቶ እኮ ነው።»

እልልታዬን ለቀቅሁት። ጧፍ ሻጯ ነገሩን ሳታውቅ ከበር ሆና ተቀበለችኝ፤ ቄሰ ገበዙም «ቀስ እናቴ፣ ንግሥ መስሏቸው ሰው ይመጣል» እያሉ ራሳቸው ይስቃሉ። እዚያው ደጀ ሰላም ቁጭ ብለን ሰላም በስልኳ ረቂቁን አረመችው፤ መሪጌታ አየለ፣ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ኢየሱስ፣ ልጃቸው አገር፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና። ሦስት ጊዜ አስነበብኋት። በሦስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ።

«እናቷስ? መሪጌታ ብቻቸውን አልወለዷት!»

ቄሰ ገበዙ ብራናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገለጡት። የለችም። እኔም አፌን ፈተሽሁ፤ እማሆይ ውዴ የሰጡኝ ሁለቱን ስም ብቻ ነው። ያኔ ስለ ኩራዝ ስጠይቅ ስለ እሷም ብጠይቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ዛሬ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ያችን ሴት በዓለም ስሟም በክርስትና ስሟም የሚያውቅ ሰው የለም።

«እናቷ ብለሽ ጻፊና ቦታውን ክፍት ተይው» አልኋት ሰላምን።

«እናቴ፣ ማተሚያ ቤቱ የረሳው ይመስላል እኮ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«የረሳናት እኛ ነን፤ እንደዚያው ይታተም።»