የክሳቴ ወራት

ደክሞኛል። እግሬን ወይም ወገቤን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ስለ ሰውነቴ ማውራት ራሱ ደክሞኛል። ሐዋሳ ውስጥ ስለ ውፍረቴ አስተያየት ያልሰጠኝ ሰው ካለ ገና ያልተዋወቅነው መሆን አለበት። ቢሮ ስገባ ጥበቃው፣ ፒያሳ ስወርድ ባለ ልብስ ቤቱ፣ ባጃጅ ስይዝ ሾፌሩ፣ ሁሉም የሚለው አያጣም። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ከጎኔ ሌላ ሰው ሊጭን ቆመና ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ለቆመው ሰውዬ «ሞልቷል» ብሎት ሄድን። ክፉ ልጅ አልነበረም። እኔ ግን ስወርድ አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ።

ይሄ የለመድኩት ነው፤ ወደ ሐኪም የወሰደኝም እሱ አይደለም። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ከሰሜን ወደዚህ ከተማ የመጣ ሰው ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ስኳሩ እግሩ ላይ ወጣበት። መጀመሪያ ጣቱ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ቆሰለ፣ በመጨረሻ እግሩን ቆረጡት። ከዚያ እየከሳ እየከሳ ሄዶ ሞተ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ውስጡ ጠጠር አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ረግጬው ውያለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ያቺን ጠጠር ሳያት ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ መሃል ከተማ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ነገር አያድበሰብስም። «ክብደትሽ ካልቀነሰ ስኳርሽ በቀላሉ አይያዝም። ስኳሩ ካልተያዘ ደግሞ ለእግርሽ እሰጋለሁ» አለኝ። ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እንደሚሠራ ሰምቼ ስለነበር ጠየቅሁት።

«እሱ አለ፤ ግን ከዚያ በፊት ሌላውን በደንብ እንሞክር። አመጋገቡን፣ እንቅስቃሴውን፣ መድኃኒቱን። በደንብ ተሞክሮ እምቢ ካለ እኔ ራሴ ወደዚያ እልክሻለሁ።»

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ እኔም ትዳሬን ፈትቼ ብቻዬን ነበርኩ። ቀዶ የሚለውን ቃል ስትሰማ የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች።

«ቢላዋ አባትሽን ምን እንዳደረገው አይተሻል። ሁለተኛ በዚህ ቤት የቀዶን ስም እንዳልሰማ።»

ያን ቀን እራት ሳትበላ ተኛች። እኔ እሷ ሳትመርቀኝ ቢላዋ ሥር የምተኛ ሰው አይደለሁም፤ ይህንን እሷም ታውቃለች። ስለዚህ «ሌላውን በደንብ» ወደሚለው ገባሁ።

ሰው ሁሉ ገና እንደ ጀማሪ ሲመክረኝ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያልሞከርኩት ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ሎሚ በሞቀ ውሃ በባዶ ሆዴ ጠጥቻለሁ። ጥቁር አዝሙድ ቅሜያለሁ። በስልክ የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ ገዝቼ ሽንት ቤት ከርሜያለሁ። በእግር መሄዱንም ጀምሬዋለሁ። የጎረቤቴ ጓደኝነት ባይኖር ያንን አልችለውም ነበር። ሲዳማ ናት፣ የመንፈሳዊ መዝሙር ድምፅ ከቤቷ የማይጠፋ ጴንጤ፣ ሳቂታ ሴት። ጠዋት ጠዋት በሐይቅ ዳር መንገድ አብረን እንወጣለን። መንገዱ ላይ የማታውቀው ሰው ስለሌለ ከተራመድነው ይልቅ ቆመን ሰላም ያልነው ይበልጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓሣ የሚጠበስበት ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም እንላለን። «እህቴ፣ ሾርባው ብቻ፣ ሾርባ ምን አለው?» ትለኛለች። ሾርባው ግን በዳቦ ነው የሚጠጣው።

እናቴ ተስፋዋን በጾሙ ላይ ጥላ ነበር። «ሁዳዴ ይግባ፣ ታያለሽ» እያለች ከረመች። ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ቢሮ እውላለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን እናቴ ተርቤያለሁ ብላ አዝናልኝ ዘይት የተኛበት ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ሩዝ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዳቦ ታቀርባለች። በእኛ ቤት ሥጋና ወተት ይቀራል እንጂ ዘይት ጾም አያውቅም። ለፋሲካ ሚዛን ላይ ስወጣ ከቅበላው ቀን በልጬ ተገኘሁ። እየጾመ የሚወፍር ሰው ምን ይባላል? ንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው አፈርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ክኒን ጀመረልኝ። ሆዴን አወከኝ እንጂ ሚዛኑን ብዙም አልነቀነቀውም። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ የሚወጋ መርፌ አዘዘልኝ። እዚህ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ በበረዶ ታሽጎ በአውቶቡስ ይላካል፤ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ሆዴ ላይ ራሴ መውጋት ተማርኩ።

መርፌው ያደረገልኝን እንዴት ልንገራችሁ? ምግብ ሳላስብ ዋልኩ። ቢሮ ውስጥ ሰው ሳምቡሳ ሲያዞር አየሁና ምንም አልመሰለኝም። ለካ ሌላው ሰው የሚኖረው እንዲህ ነው። እነሱ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ኖረው እኔን ሆዳም ሲሉኝ እንደነበር ሳስብ ተናደድኩ። ከመናደዴ በላይ ግን ደስ አለኝ። ፊቴ ከሳ፤ ቀሚሴ ሰፋ፤ የስኳሬም ልኬት ወረደ።

ያኔ ነው ጉዱ የመጣው። ወፍሬ ሳለሁ «ተመችቶሻል» እያለ የሚያሾፍብኝ ሰው ሁሉ ስከሳ ማሾፉን ተወና ያዝንልኝ ጀመር። የቢሮ ባልደረባዬ ጥግ ይዛኝ ሄዳ «ተመርምረሽ ነበር?» አለችኝ። እዚህ አገር እንዲህ ሲባል የትኛው ምርመራ እንደሆነ ማንም አይነግርሽም፣ ሁሉም ያውቃል። አንድ እሑድ ከሰዓት የእድር ሴቶች ብርቱካንና ሙዝ፣ በዚያ ላይ ሁለት ትልልቅ ለስላሳ ይዘው መጡ። ለስኳር በሽተኛ ለስላሳ! ሳሎን ተደርድረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉኝ።

«አልታመምኩም እኮ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።»

«እሱማ ይገባናል» አሉና ተያዩ።

ጎረቤቴ ሳትቀር መጥታ እጇን ራሴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። «አንቺ እንኳ እያወቅሽ!» ብላት፣ «አውቃለሁ እህቴ፣ ጸሎት ምን ይጎዳል?» አለችኝ። ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። እንግዶቹን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ሚዛኑ ቆመ። ጭራሽ ማቅለሽለሽ ጀመረኝ። ማታ ማታ የምጠጣው እናቴ የምትሠራልኝን አንድ ኩባያ የአጃ ሾርባ ነው፤ ጣዕሙን ሳልለይ እጨልጠዋለሁ፣ እሱንም እያስመለሰኝ ሌሊቱን ሆዴን ይዤ አድራለሁ። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረልኝ፤ ባሰብኝ። እኔ ላይ የማይሠራ መድኃኒት እንጂ የሚሠራ የለም ብዬ ደመደምኩ። ሌላው ሰው የሚቀንሰው እኔ እንዴት አቃተኝ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ከረምኩ።

አንድ ቀን ሾርባውን አልችልም ብዬ ሳልነካው ተኛሁ። ጠዋት ኩባያውን ላጥብ ስል ከላይ ቢጫ ነገር ረግቶበታል። በማንኪያ ስነካው ተሰበረ። ቅቤ ነው፤ ወፍራም ለጋ ቅቤ። ከሥሩ ያለው ደግሞ አጃ ብቻ አይደለም፣ የተፈጨ ለውዝ አለበት። አራስ የምትታረስበት አጥሚት ነው የረጋው! እናቴ ማታ ማታ ሾርባ እያለች አጥሚት ነበር የምታጠጣኝ።

ኩባያውን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። አየችው፣ አልካደችም።

«ማር አልጨመርኩበትም። ስኳር እንዳለብሽ መች አጣሁት?» አለች።

ጮኽኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩባት። ሞቴን ነው የምትፈልጊው ሁሉ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ግድግዳውን ስታይ ጥያት ወደ ሥራ ሄድኩ።

የሐኪም ቀጠሮዬ ሲደርስ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ሳንነጋገር በአንድ ባጃጅ ሄድን። ሐኪሙ መዘነኝ፣ ያለፈውን አገላብጦ አየ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«በመጨረሻዎቹ ወራት ምንም አልቀነስሽም፤ ማስመለሱም ብሶብሻል። መድኃኒቱ አንቺ ላይ የሚሠራ አይመስልም። እንግዲህ ስለ ቀዶ ሕክምናው መነጋገር ሳይኖርብን አይቀርም።»

ስለ ቅቤው ልነግረው ይገባ ነበር። ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከመቁረጥ ያነሰ ነገር የመሞከር አቅም አልነበረኝም። ያስተኙኝ፣ የሚሠሩትን ይሥሩ፣ ስነቃ ሌላ ሰው ልሁን፤ የፈለግሁት እሱን ነበር። እናቴም ብትሆን አፏን ከፍታ ራሷን ታዋርዳለች ብዬ አልጠበቅሁም።

«የኔ ልጅ» አለችው ሐኪሙን፣ «መድኃኒቱን አትውቀሰው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሁሉንም ነገረችው። ቅቤውን፣ ለውዙን፣ የእድር ሴቶቹን። ሐኪሙ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም።

«እናቴ፣ ያስመለሳትም እሱ ነው። ከዚህ መርፌ ጋር ቅባት ሲበዛ ሆድ አይችለውም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው ገና በደንብ አልሞከርንም ማለት ነው። እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

እንደ አዲስ! እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ መጣ። ኀዘን አልነበረም፤ ድካም ነው። ሐኪሙ ለስላሳ ወረቀት አቀበለኝና እናቴን ጠየቃት።

«በደንብ ሞክረነው ካልሆነ ግን ወደ ቀዶው እልካታለሁ። ያኔ እርስዎ ይከለክሏታል?»

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር።

«አባቷ ሊሞት ሲል እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር። ማንም ሳያግዘኝ ብቻዬን አንስቼ ነበር የማገላብጠው። እሷ መክሳት ስትጀምር ይሄ እጄ ያንን አስታወሰ። የምሠራውን አላውቅም ነበር።» እጆቿን ሰበሰበች። «አሁን የፈለጋችሁትን አድርጉ። ውጓት፣ ቅደዷት፣ አልናገርም። ብቻ እሷው ትቅበረኝ። እኔ ሌላ አልቀብርም።»

ሐኪሙ ካርዴን ወደ ራሱ ሳበ። እኔም ከእናቴ በኋላ መኖር የእኔ ሥራ መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ መርፌውን ከትንሹ መጠን እንዲጀምርልኝ ነገርኩት።