ወለድ የለውም የተባለው ብድር

በጃንሆይ ዘመን እኔና ባለቤቴ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ፣ በአንዲት የኪራይ ቤት ልብስ እየሰፋን እንኖር ነበር። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል መስፊያችን ስትሆን ከኋላዋ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያችን ነበሩ። አንድ ቀን አከራያችን መጥተው ቤቱን በሁለት ሺህ ብር ሊሸጡት መሆኑን ነገሩን። "ቅድሚያውን ለእናንተ ሰጥቻለሁ፤ እስከ መስቀል ካልሆነላችሁ ግን ለሌላ እሸጠዋለሁ" አሉ። እኛ ያጠራቀምነው ስምንት መቶ ብር ብቻ ነበር። አልዋሽም፣ ያን ቀን አለቀስኩ። ደንበኞቻችን የሚያውቁን በዚያች በር ነው፤ ከዚያ ወጣን ማለት እንጀራችን ተዘጋ ማለት ነበር።

ባለቤቴ የዋህ ሰው ነው። በማግስቱ ፊቱ በርቶ ገባና "ተገላገልን!" አለኝ። የቡና ነጋዴው ሽማግሌ ጎረቤታችን ቀሪውን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር በወለድ አገድ ሊሰጡን ተስማምተዋል። በወለድ አገድ አበዳሪው ዋናው ብር ተጠቃሎ እስኪመለስለት ድረስ በወለድ ፈንታ በንብረቱ ይጠቀማል። ሽማግሌው የፈለጉት የፊት ለፊቷን ክፍል ነበር፤ ቡና ሊያስቀምጡባት።

"ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ ወለድ የሚባል አይነኩም። ወለድ የለውም እኮ!" አለኝ።

"እኛስ የት እንሰፋለን?"

"በረንዳ ላይ።"

በጅማ ክረምት በረንዳ ላይ! ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢለው ይቅር እለው ነበር፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። እኔ ስናደድ አልጮህም፣ እጄ ሥራ ይፈልጋል። የልብስ ቁልፍ የምናኖርበትን ቆርቆሮ አነሳሁና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት።

"አንዱ ቁልፍ አሥር ብር ነው" አልኩት። ዕዳው አንድ መቶ ሃያ ቁልፍ ሆነ፣ ለብቻው ቆለልኩት። "ይቺ ክፍል ብትከራይ በወር አሥራ አምስት ብር ታወጣለች። በዓመት አሥራ ስምንት ቁልፍ። በአምስት ዓመት ዘጠና።" ዘጠናውን በሽማግሌው በኩል ደረደርኩ። "አሁን ዕዳችንን ተመልከት።"

አየው። አንድ መቶ ሃያው ቁልፍ እንዳለ ነው፣ አንዲትም አልጎደለም። ባለቤቴ አገጩን እያሻሸ ቁልፎቹን ደግሞ ቆጠራቸው።

"ባንክ ይሻላል ልትዪኝ ነው?" አለ በመጨረሻ። "ቤት ይወርሳል ሲሉ አልሰማሽም?"

"ካልከፈልን ይወርሳል። ስለዚህ ልንከፍለው የምንችለውን ውል እንጠይቃ።"

ባንክ ቤት የተቀበለን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራባቱን አጥብቆ ያሰረ ወጣት ጸሐፊ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ለባለቤቴ ይመልሳል። ቤቱ ራሱ መያዣ ሆኖ፣ ወለዱ በመቶ ዘጠኝ፣ በየዓመቱ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ እየታሰበ በአምስት ወይም በአሥር ዓመት በየወሩ ይከፈላል አለ። "አሥሩን ውሰዱ፣ ክፍያው ቀላል ነው" ሲል መከረን።

"ወለዱ ሲደመር ስንት ይመጣል?" አልኩት።

ደመረና ለባለቤቴ ነገረው። በአሥሩ ዓመት አምስት መቶ ዘጠና አራት ብር፣ በአምስቱ ሦስት መቶ ሃያ አራት። ቀላል ያለው ክፍያ ወለዱ የአምስቱን ዓመት ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። አምስቱን ፈለግኩ፤ ግን በየወሩ የሚጠይቀውን ብር በክረምት ከየት አመጣለሁ? ከአጋሮና ከሊሙ ሰዎች ቤተሰባቸውን ሊያለብሱ የሚመጡት ቡናቸው ሲሸጥ ነው። በሐምሌ የሚመጣልን የተቀደደ ሱሪ ብቻ ነው።

"በዓመት አንድ ጊዜ፣ በየካቲት እንክፈል" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ለቤት ብድር በየወሩ ነው፣ እመቤት።"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው አለቃህን ጥራልኝ" አልኩት። ባለቤቴ ቀሚሴን ጎተተኝ፣ እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ እንዲህ አልኳቸው፤ "ጌታዬ፣ ለቡና ነጋዴዎች ስታበድሩ ቡናው ተለቅሞ እስኪሸጥ ትጠብቃላችሁ። የሚስቶቻቸውን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። እኔንስ የሚያበላኝ ያው ቡና አይደለም? በሐምሌ ብትጠይቁኝ ቤቱን ትወስዳላችሁ፤ በየካቲት ብትጠይቁኝ ብራችሁን ትወስዳላችሁ። የቱ ይሻላችኋል?"

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። "እውነቷን ነው" አሉ ለጸሐፊው። "በየካቲት ብለህ ጻፍ።" ደስታዬን ውጬ መቀመጥ አልቻልኩም፣ እዚያው እልል አልኩ።

ነገሩን ለሽማግሌው ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ሊያዝኑብኝ ይችላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ወላሂ፣ በቁልፍ ቆጥረሽ አሸነፍሽኝ? ቶሌ፣ እሺ ልጄ! እኔስ ልረዳችሁ ብዬ ነበር እኮ መሌ" አሉ። አመንኳቸው። የዚያን ዓመት የቤተሰባቸውን የኢድ ልብስ በሙሉ እንድንሰፋ ለእኛ ሰጡን።

አራት ጊዜ በየካቲት ከፈልን። ሦስተኛው ዓመት ላይ ቡናው ሳይዝ ቀርቶ የአንገት ወርቄን ሸጬ ሞላሁ። በአምስተኛው የካቲት የመጨረሻውን ብር ስንቆጥር ባንክ ቤት ያገኘነው ያንኑ ጸሐፊ ነበር። ደረሰኙን ማኅተም መታበት፣ የቤቱን ካርታ ከካዝና አወጣና ለባለቤቴ ዘረጋለት። ባለቤቴ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣመረ።

"ለእሷ ይስጧት" አለው። "ቤቱን የገዛችው እሷ ናት።"