በቬስፓዋ ሰርባቶዮ ውስጥ የተገኘው ውኃ

አጎቴ ያቺን አሮጌ ቬስፓ ከጎንደር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ዳባት ያመጧት እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ተሸካሚዎቹ በገመድ ሲያወርዷት አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ሬሳ ናት። ወደ ቤት ነው ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወስዳት?» አላቸው። አጎቴ አልተቆጡም። ዝገቱን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ቤት እንዲወስዷት ነገሩት።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። ከስሜን ተራሮች ሥር ያሉትን ቀበሌዎች በመሥሪያ ቤታቸው ሞተር ብስክሌት ሲዞሩ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ሞተሩን አስረከቡ፤ ከዚያ በኋላ በግቢያቸው ውስጥ የሚያደርጉት የጠፋቸው ሰው ሆኑ። ኋላ ላይ ሰው የጣላቸውን ስኩተሮችና ሞተሮች እየፈለጉ ማስነሳት ጀመሩ። ሥራው ለትርፍ አልነበረም። አንዱ ከተነሳላቸው ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጡና ሌላ የሞተ ይፈልጋሉ። እኔም ካቻቢቴ አያያዝ የተማርኩት በእሳቸው ቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሳያልቅ ከቤት ደስ የማይል ወሬ ደረሰኝ። አጎቴ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሊመለሱ መኪና ተሳፍረው ነበር፤ የተሳፈሩት ግን ወደ አዲ አርቃይ በሚሄደው ነው። መኪናው ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ገደሉ በመስኮት ሲታያቸው፣ የቤታቸው መንገድ ይህ እንዳልሆነ አልታወቃቸውም። ድብ ባሕር ላይ ወርደው የራሳቸውን ቤት ሰው ይጠይቁ ጀመር። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት አስቀምጣቸው፣ ከስልካቸው ቁጥር ፈልጋ ለባለቤታቸው ደወለች። እሳቸው ሲመለሱ ነገሩን ቀልድ አደረጉት። ሰው ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ሊማሊሞን ያያል፣ እኔ ሳላስበው አየሁት ብለው ሳቁ። ከዚያ በፊትም ግን በሩን ከፍተው መተው፣ እኔን በሞተው አባቴ ስም መጥራት ጀምረው ነበር።

አዲስ አበባ የምትኖረው ብቸኛ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ልውሰድህ አለቻቸው። እሷ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢ የለም፣ ዳስ የለም፣ ዘይት የነካው ጨርቅ የሚጣልበት ቦታ እንኳ የለም። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ቤቱንና ከብቶቹን ጥለው መሄድ ስለማይችሉ ለጊዜው እዚሁ ይቀራሉ ተባለ። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም።

አጎቴ በስልክ ከልጃቸው ጋር ውል ገቡ። እትዬ አጠገባቸው ነበሩ፤ ቃል በቃል ነግረውኛል። «ቬስፓዋን አንቺ እስክትመጪ በእጄ ካስነሳኋት አእምሮዬ አልሄደም ማለት ነው፤ እዚሁ ተይኝ። ካላስነሳኋት ሻንጣዬን ራሴ ይዤ እከተልሻለሁ።» ልጅቱ ተስማማች። የምትመጣው ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ለእኔም የዕረፍት ጊዜዬ ነው።

ስደርስ አጎቴን ዳሱ ሥር አገኘኋቸው። ከስተዋል። ቬስፓዋን ግን ሳያት ልቤ ሞላ። ዝገቷ ተፍቆ ቀለም ተቀብታለች፣ ካንዴላዋ ተለውጧል፣ ሲሞከር ጥሩ ሰማያዊ እሳት ይረጫል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ ነው የሚጠጣው፤ አጎቴ ልኩን ሲቀላቅሉ እጃቸው አልተሳሳተም፣ እኔንም አልጠየቁኝም። ያየሁት ሁሉ መነሳት አለባት ይል ነበር። አልተነሳችም። የእግር ማስነሻውን እኔ ረገጥኩ፣ እሳቸው ረገጡ፣ በቁልቁለቱ ገፋናት። አንድ ሁለቴ አስላት፤ ከዚያ ዝም አለች።

ከሰርባቶዮው፣ ከነዳጅ መያዣዋ ማለቴ ነው፣ ወደ ጠርሙስ ጥቂት ቀዳን። አጎቴ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሱት። ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ውኃ ተኝቷል። ሁሉንም ደፍተን፣ ካርቡሬተሩን ፈትተን አደረቅን፤ ሌላ ቤንዚን ሞላን። በማግሥቱ ስንቀዳ እንደገና ውኃ።

አጎቴ ጥፋቱን በሻጩ ላይ ጣሉ። ማደያው ቤንዚን በማይኖረው ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጎልማሳ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል፤ የገዛነው ከእሱ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሌባ አሉት። ሰውየው አላፈረም፣ አልተሳደበምም። «ጋሼ፣ የዳባት ቧንቧ ስንት ጊዜ ደርቆ እንደሚከርም እያወቁ ውኃ በቤንዚን ዋጋ ይሸጥልኛል ይላሉ? እኔ ውኃ ባገኝ ለእናቴ እወስድላት ነበር» አለና ሰዎቹን አሳቀ። ከዚያ ከዚያው ጠርሙስ በክዳን ቀድቶ መሬት ላይ አፈሰሰና ክብሪት ጫረበት። ነበልባሉ ሳይንጣጣ ነድዶ አለቀ። አጎቴ ይቅርታ ጠየቁት።

ግቢው ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሩ ይቆለፋል፤ ከእኛ ሌላ የሚገባ የለም። ዝናብ የለም። የሰርባቶዮው ክዳን አያስገባም፤ ራሳቸው ጎማውን ለውጠዋል። እያንዳንዱን በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ማን ቀረ?» አሉኝ።

እኔ አልገባኝም። እሳቸው ግን ገብቷቸው ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ራሳቸውን እንደ ተጠርጣሪ ይጠብቁ ጀመር። ከዳሱ ሲወጡ የውኃ መቅጃውን ጆግ ከበርሜሉ አጠገብ አንስተው ቤት ውስጥ ያስቀምጡታል። እጃቸውን ያሸቱታል። ምሳ ላይ ቆም ብለው አሁን ከየት ነው የመጣሁት ብለው እትዬን ይጠይቃሉ። ድብ ባሕር ላይ ያልፈሩት ሰው አሁን ፈሩ። እኔ ሁለቱንም ላጽናና እሞክራለሁ፤ ብርድ ነው፣ ጤዛ ነው፣ ከብረቱ የሚወጣ ላብ ነው እላለሁ። ያን ያህል ጤዛ እንደማይኖር እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

እውነቱን ያየሁት አንድ ጠዋት ነው። ብርዱ ስለቀሰቀሰኝ ቬስፓዋን ላለብሳት ጆንያ ይዤ ወጣሁ። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ዳሱ ሥር ቆመዋል። የሰርባቶዮው ክዳን ተከፍቷል። ከትንሿ የጸበል ጀሪካን በስኒ ይቀዳሉ፣ ያማትባሉ፣ ያፈስሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ ጣታቸውን አፋቸው ላይ ብቻ አደረጉ። ስጠጋቸው በሹክሹክታ አስረዱኝ። ለታመመ ሰው ጸበል ይረጩበታል፣ ያጠምቁታል፤ ሕመሙ ከውስጥ ከሆነ ግን መጠጣት አለበት። የዚህች ደግሞ ላይዋ ደህና ነው፣ ከውስጥ ነው የታመመችው። ስለዚህ በየጠዋቱ ያጠጧታል። ባላቸው ሞተሩን ሰው እንዲነካባቸው ስለማይወዱ ከእሳቸው ደብቀዋል እንጂ ሌላ ምስጢር የላቸውም። «ብትነሳ ይቀርልኛል ብዬ ነው» አሉኝ።

ውኃ እንደማይነድ እንዴት ብዬ እንደነገርኳቸው አሁን በትክክል አላስታውስም። በጣም ቀስ ብዬ እንደነገርኳቸው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ጸበሉን እንዳላቃለልኩ እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ክዳኑን መልሰው ገጠሙትና ቆርቆሮውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ጠርሙሱ ወደ ፀሐይ ሲነሣ በየቀኑ አጠገባችን ነበሩ፤ ውኃ ውኃ ስንል ሰምተዋል። የእሳቸው አንድ ስኒ ከእኛ ውኃ ጋር አንድ ይሆናል ብለው ግን አንድም ጊዜ አላሰቡም። ለእሳቸው ጸበል ውኃ አይደለም።

ለአጎቴ ልነግር ስነሣ እጄን ያዙኝ። ከእኔ አፍ ይስማው አሉ። እሺ አልኩ። ያን ቀን ሙሉ ወደ አጎቴ እየሄዱ ይመለሱ ነበር። በማግሥቱ፣ ገና ሳይነግሯቸው፣ ልጃቸው ደረሰች።

ጉልበታቸውን ሳመች፤ ብርቱካን አምጥታ ነበር። አጎቴ ብርቱካኑን ሳይነኩ እጇን ይዘው ወደ ዳሱ ወሰዷት። እኛም ተከተልን። ከሰርባቶዮው ጠርሙስ ቀድተው አሳዩአት። ባለፈው ቀን ጠዋት የገባው ውኃ ከሥር ተኝቶ ነበር።

«ይኸው ፍርዴ» አሉ። «ቤንዚን ሞልቼ ውኃ እጨምርበታለሁ፣ ከዚያ ማን ጨመረው ብዬ ሰው ሌባ እላለሁ። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል።»

እትዬ ያኔ ተናገሩ። ከመጀመሪያው ስኒ እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አሁን ነገሩ አለቀ፣ አጎቴ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ካርቡሬተሩን ፍታ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ባለቤታቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ሳይሆን ምስጋና ነበር።

«በወጣትነቴ ጠጥቼ ስገባ ለአባትሽ አሞት ነው ትያቸው ነበር» አሏቸው። «ዛሬም ልትሸፍኚልኝ ነው።»

«እውነቴን ነው፤ በመስቀሉ» አሉ እትዬ።

«ተይ፣ በመስቀል አትማዪ ለእኔ ብለሽ።»

እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። በዓይኔ እንዳየሁ፣ ጀሪካኗን፣ ስኒዋን፣ የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ነገርኳቸው። አጎቴ በጥሞና ሰሙኝ፤ ስጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አንተ ከልጅነትህ ሰው አስከፍተህ አታውቅም» አሉኝ። «ጤዛ ነው ያልከኝም አንተ ነህ።»

ጤዛ ነው ማለቴ እውነት ነው። ልጅቱ እናቷን አምና ነበር፤ እንግዲያው ይቅር፣ ውሉ ፈርሷል፣ እዚሁ ቆይ ብላ ለመነቻቸው። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የተናገሩት ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ። ነገሩ አሁን ትዝ ብሏቸዋል፤ ጆጉን ይዘው ዳሱ ሥር ሲቆሙ፣ ክዳኑን ሲከፍቱ፣ ውኃው ሲገባ ይታያቸዋል። የውኃውን ድምፅ እንኳ ነገሩን። ያልሆነውን ነገር እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲያስታውስ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እትዬ ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተዉት። ገብተው የአጎቴን ጋቢ ጫፍ ሲሰፉ ዋሉ፤ መንገድ ላይ ብርድ እንዳያገኛቸው።

በሦስተኛው ቀን ከልጃቸው ጋር ሄዱ። የጎንደሩ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያው ላይ ከእኔ ጋር ቆሙ። ቤንዚን ሻጩ መጥቶ ሰላም አላቸው፤ ሻንጣቸውንም እሱ ጫነላቸው። አጎቴ መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ከፈቱና በተሳፋሪው ጫጫታ መካከል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን የሚሰማን የለም። እኔ ነኝ አይደል?» አሉኝ።

«አይደሉም ጋሼ። እርስዎ አይደሉም።»

«ጎበዝ ልጅ» አሉ። ሚኒባሱ ሄደ።

እኔ ወደ ትምህርቴ ከመመለሴ በፊት ቬስፓዋን ብቻዬን ፈታኋት። ሰርባቶዮውን አውርጄ በፀሐይ አደረቅሁት፣ ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጠብኩት፣ ዘይቱን እሳቸው ባሳዩኝ ልክ ቀላቀልኩ። የማይሆን ነገር እየሠራሁ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ብትነሳም ለማን ነው እል ነበር። ማስነሻውን ገና ስረግጥ ተነሳች። ነጭ ጭስ ዳሱን ሞላው፤ ከዚያ ድምፅዋ እየጠራ ሄደ። እትዬ ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጠጋ አላሉም። «ደውልለት» አሉኝ።

ደወልኩ። አጎቴ አነሱ። ምንም ሳልናገር ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁና ጥቂት ቆይቼ ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«ጥሩ ድምፅ ነው» አሉ። ድምፃቸው ደስተኛ ነበር። «ምንም አልቀረውም። የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ቬስፓዋ ናት።»

ዝም አሉ። አላመኑኝም ይሁን ቬስፓዋን ረስተዋት፣ ከዝምታው መለየት አልቻልኩም። ልጠይቃቸውም ፈራሁ። ከኋላቸው የሕፃናት ጫጫታና ቴሌቪዥን ይሰማል።

«እሺ» አሉኝ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «ባለቤቱን ዘይቱን እንዳይረሳ ንገረው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሞተሩን አጠፋሁት። እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው ምን እንዳሉኝ ጠየቁኝ።

«ደስ ብሏቸዋል» አልኩ።